ወላጅን በእጅ ማዘን

በአይሁድ ሕግ ለወላጅ የሚደረግ ሐዘን ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ ከሚደረገው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ዘመኑ ነው፤ ለሌሎቹ የቅርብ ዘመዶች ሐዘንተኛው ሰባት ቀን ቤት የሚቀመጥበት «ሺቫ» እና ከቀብር እስከ ሠላሳኛው ቀን የሚዘልቀው «ሽሎሺም» ሲፈጸሙ ሥርዐቱ የሚያበቃ ሲሆን፣ አባቱ ወይም እናቱ የሞተበት ሰው ግን ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ ከዘፈንና ከግብዣ ርቆ ይቆያል። ሁለተኛው ልብሱ ነው፤ ሐዘንተኛ የሚቀድደው ልብስ ለሌላ ዘመድ የተቀደደ ከሆነ ከሰባት ቀን በኋላ እንደነገሩ ሊያያዝ፣ ከሠላሳ ቀን በኋላም በደንብ ሊሰፋ ይፈቀዳል፤ ለአባትና ለእናት የተቀደደው ግን ከሠላሳ ቀን በኋላ በሻካራ ስፌት ይያያዛል እንጂ ቅዱ እንዳልነበረ ተደርጎ አይጠገንም። ሊቃውንቱ ይህን ሲደነግጉ ስለ ልብስ ብቻ እንዳልተናገሩ ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩን በመርፌና በክር መለካታቸው፣ ወላጅ ከሞተ በኋላ እጅ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማሰብ ከጥንት ጀምሮ የሐዘን ሥርዐት አካል እንደነበር ያሳያል።

ይህ ዘገባ የሚመለከተው በቂርያት ማላኺ፣ በገደራና በያቭኔ በሚኖሩ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ቤተሰቦች ዘንድ የወላጅ ሐዘን ከእጅ ሥራና ከዕለት ተዕለት ትንንሽ ደስታዎች ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ሦስቱ ከተሞች በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ እምብዛም ሳይራራቁ ቢገኙም አመጣጣቸው የተለያየ ነው። ያቭኔ ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ70 ከጠፋች በኋላ የሊቃውንት ጉባኤ የተቀመጠባት ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ገደራን እ.ኤ.አ. በ1884 «ቢሉ» የተሰኘው ንቅናቄ ወጣቶች ቆረቆሯት፤ ቂርያት ማላኺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 «መዓበራ» ከሚባለው፣ ለአዲስ ገቢዎች በጥድፊያ ከተተከለው ጊዜያዊ ሰፈር ተነሥታ ያደገች ስትሆን፣ ለግንባታዋ የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ገንዘብ አዋጥተዋል። ዛሬ በመላ እስራኤል የኢትዮጵያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከ160 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ቂርያት ማላኺ ከነዋሪዋ ብዛት አንጻር የኢትዮጵያውያን ድርሻ ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ የወላጅ ሞት አንድ መልክ ብቻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ወደ ሱዳን ከወጡት መካከል 4 ሺህ ገደማ የሚሆኑት በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ እጅ አልቀዋል፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» እስራኤል ከደረሱት መካከል አባታቸውን ወይም እናታቸውን በማያውቁት አፈር በጥድፊያ ቀብረው፣ ሰባት ቀን ሳይቀመጡ መንገዳቸውን የቀጠሉ ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ ሙታን በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በዕብራውያን አቆጣጠር በየዓመቱ ኢያር 28 ቀን የኢየሩሳሌም ቀን በሚከበርበት ዕለትም ይታሰባሉ፤ ሆኖም የመታሰቢያ ሐውልት የአንዲትን እናት መቃብር ሊተካ አይችልም። ሌሎች ደግሞ ወላጆቻቸውን ጎንደር ትተው የመጡና ሞታቸውን በመርዶ የሰሙ ናቸው። መርዶ ማለት የሞት ዜና ለቅርብ ዘመድ የሚነገርበት ሥርዐት ሲሆን፣ ዜናው በሽማግሌዎችና በዘመዶች ዘንድ ተይዞ ከቆየ በኋላ ሰዎች ተሰብስበው ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን በማይሆንበት ሰዓት ይነገራል፤ ከዚህም የተነሣ ልጅ እናቱ በሕይወት አለች ብሎ እያሰበ ሳምንታት ወይም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ሦስተኛው መልክ የአሁኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ዐርባ ዓመት የሞላቸው እናቶች ዛሬ ከሰማንያ አልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በ«ሰሎሞን ዘመቻ» ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ጎልማሳ የነበሩትም አርጅተዋል። ልጆቻቸው በዕብራይስጥ የተማሩ፣ በሠራዊቱ ያገለገሉ፣ በቢሮና በፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ሆነው አሁን ወላጅ የመቅበር ተራ ደርሷቸዋል።

የለቅሶ ቤቱ ሁለቱን አገሮች አንድ ላይ ይዟል። በመኖሪያ ሕንፃው ሥር ድንኳን ይጣላል፤ የላስቲክ ወንበሮች ይደረደራሉ፤ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች በየአውቶቡሱ ከሌላ ከተማ ሳይቀር ይመጣሉ፤ የቤተ እስራኤል ካህን የሆኑት ቄስ ይጸልያሉ። በአይሁድ ሥርዐት ሐዘንተኛው ከቀብር ሲመለስ የመጀመሪያውን ምግብ ከራሱ ቤት ሳይሆን ከጎረቤት እጅ መብላት አለበት፤ ይህም «ሴዑዳት ሐቭራዓ» ሲባል፣ ዳቦ፣ ዕንቁላልና ምስር የተለመዱት ምግቦቹ ናቸው። በኢትዮጵያ እዝን የሚባል፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ለቅሶ ቤት የሚገባበት ልማድ ስላለ፣ ይህ ሥርዐት ለኢትዮጵያውያኑ እንግዳ አልሆነባቸውም። ከባዱ ነገር የሚመጣው ሙሾ ሲወርድ ነው። ሙሾ የሟቹን ወገን፣ ሥራና ጠባይ እያነሣ በዜማ የሚደረደር የለቅሶ ግጥም ሲሆን፣ ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ሐዘንተኞቹ እየተቀበሉ ያለቅሳሉ፤ ግጥሙም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ቅኔያዊ አነጋገር የተሞላ በመሆኑ፣ ቋንቋውን ለወጥ ማዘዣና ለሰላምታ ያህል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ስለ ገዛ እናቱ የሚባለውን ነገር ግማሹን ሳይረዳ ሊያልፈው ይችላል። ልጁ የሚያለቅሰው በዜማው ኀይል ነው፤ ቃሉ ግን ያመልጠዋል። ወላጅና ልጅ በሕይወት ሳሉ በመካከላቸው የነበረው የቋንቋ ክፍተት በሞትም ጊዜ ተመልሶ መምጣቱ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚኖረውን የወላጅ ሐዘን ከሌላው እስራኤላዊ ሐዘን የሚለየው ዋና ነገር ነው ማለት ይቻላል። የእጅ ሥራ ጉዳይ እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም የሚያገኘውም፣ ቃል ያልተሻገረው ወንዝ አንዳንድ ጊዜ በእጅ ስለሚሻገር ነው።

ሐዘን መጠን እንዲኖረው፣ ትንሽ ደስታም ቦታ እንዲያገኝ መፈለግ ከዘመናችን ሥነ ልቡና የመጣ አሳብ አለመሆኑን ለመረዳት ያቭኔን ማየት ይበቃል። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ከጠፋ በኋላ በያቭኔ የተሰባሰበው የሊቃውንት ጉባኤ መሪ ረቢ ዮሐናን ቤን ዘካይ ነበር። ስለ እርሱ በሚተረከው ታሪክ፣ ልጁ ሞቶበት ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ተራ በተራ እየገቡ አዳምን፣ ኢዮብን፣ አሮንንና ዳዊትን እያነሡ ሊያጽናኑት ሲሞክሩ፣ የራሴ ሐዘን አንሶኝ የሌላውን ትጨምሩልኛላችሁን በሚል መንፈስ መለሳቸው፤ በመጨረሻ የገባው ደቀ መዝሙር ልጁን በደኅና እንደ ተመለሰ አደራ አድርጎ ሲነግረው ግን ተጽናና። የዚሁ መምህር ሌላ ደቀ መዝሙር የነበረው ረቢ ኢያሱ ደግሞ፣ መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ ሥጋ መብላትና ወይን መጠጣት አይገባንም ብለው ራሳቸውን የቀጡ ሰዎችን፣ ፈጽሞ አለማዘን እንደማይቻል ሁሉ ከመጠን በላይ ማዘንም እንደማይቻል አስረድቷቸዋል፤ የተሰጠው መፍትሔም ሰው ቤቱን በኖራ ቢለስንም ጥቂት ቦታ፣ እንደ ኋለኞቹ መምህራን አነጋገር በመግቢያው በር ትይዩ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚያህል ግድግዳ፣ ሳይለሰን እንዲተው ነው። ቤቱ ይኖርበታል፤ ግድግዳው ያምራል፤ ያልተለሰነውም ቦታ በየቀኑ ይታያል። ከወላጅ ሞት በኋላ መሳቅም ሆነ አዲስ ክር መግዛት ወንጀል ለሚመስላት ሴት ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

በያቭኔ ጉባኤውን የመራው የረባን ገማልኤል ልጅ የረባን ስምዖን አሳብም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ ባለጠጋ ሴት አገልጋዮች ቢኖሯት እንኳ ሱፍ መሥራቷን መተው የለባትም ወይስ ትችላለች የሚለው ጉዳይ ሲነሣ፣ እርሱ ሥራ መፍታት አእምሮን ወደ መደንዘዝና መታወክ ይመራል የሚለውን ምክንያት አስቀምጧል። ሴትን በግዴታ ሱፍ ላይ ማስቀመጥ ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም፤ የእጅ ባዶነት አእምሮን ይጎዳል የሚለው ትዝብት ግን ከሕጉ ተለይቶ መኖር የሚችል እውነት ነው። ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን እንጂ ታልሙድን፣ ማለትም የእነዚህን ሊቃውንት ክርክር የያዘውን መጽሐፍ፣ አያውቁም ነበር፤ የእናቶቻቸው እጅ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

በጎንደር ገጠር ሴት ልጅ ከእናቷ የምትወርሰው ሥራ ብዙ ነበር። ጥጡ ፍሬው ወጥቶለት በደጋን ከተነደፈ በኋላ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ልቃቂቱ ወደ ሸማኔው ሄዶ ድርና ማግ ሆኖ ይሸመናል። ሸማኔው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ በቤተ እስራኤል መንደሮች ሽመናና አንጥረኝነት የወንዶች፣ ሸክላና ስፌት የሴቶች ሙያ ሆነው ኖረዋል። ስፌት በአክርማና በስንደዶ ሣር የሚሠራ ነው፤ ተጠማዝዞ እየዞረ የሚወጣው የሣር ጥቅል በቀጭን ሰንጣቂ ሣር እየተጠመጠመ፣ በወስፌ እየተበሳ ከታችኛው ዙር ጋር ይያያዛል፤ በቀለም የተነከረው ሣር ማለትም አለላው ንድፉን ያወጣል። ንድፉ በወረቀት አይሳልም፤ በቁጥር ይያዛል። ሠሪዋ ስንት ጥምጥም ቀይ፣ ስንት ጥምጥም ጥቁር መሆኑን እየቆጠረች ስለምትሰፋ፣ አንድ ቁጥር ከሳተች ስሕተቱ በሚቀጥለው ዙር ላይ ይገለጣል። መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድና አገልግል የሚወጡት ከዚህ ነው።

እስራኤል ከተደረሰ በኋላ ሣሩ ጠፋ፤ እጁ ግን አልጠፋም። ብዙ እናቶች ወስፌውን ይዘው በሣሩ ፈንታ ራፊያ የተባለውን የዘንባባ ቅጠል ጭረትና ቀለማም ክር መጠቀም ጀመሩ፤ ሌሎች ወደ ሹራብ መርፌና ወደ ኪሮሽ፣ ማለትም ዳንቴል ወደሚሠራበት ባለ ቆልማማ ጫፍ መርፌ፣ ተሻገሩ። ጥልፍም በዚህ ጉዞ ውስጥ ድርሻ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁዶች ጉባኤ በአዲስ አበባና በጎንደር ወደ እስራኤል መሄጃቸውን ለሚጠባበቁ ሴቶች የጥልፍ ሥራ ከፍቶ፣ የሰንበት ዳቦ መሸፈኛና የትራስ ልብስ እየሠሩ ጥቂት ገቢ እንዲያገኙ አድርጓል። ከዚህ ሁሉ መካከል ሹራብ ሥራ ለሐዘንተኛ የሚመችበት የራሱ ምክንያት አለው። አንድ ያልተቆረጠ ክር በሁለት መርፌ መካከል ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ልብስ ይሆናል፤ እንቅስቃሴው ትንሽና ተደጋጋሚ ነው፤ ቆጠራው አእምሮን በመጠኑ ይይዘዋል እንጂ አይሞላውም፤ ስሕተት ቢገኝ ተተርትሮ እንደገና ይሠራል፤ ክሩ አይባክንም። እንቅልፍ የነሣት ሴት በሌሊት ስምንት ሰዓት ማንንም ሳትቀሰቅስ ልትሠራው ትችላለች፤ እንባ ሲመጣባት ታስቀምጠዋለች፤ በኋላም ካቆመችበት ረድፍ ታነሣዋለች። ለመጀመርም ሁለት መርፌና አንድ ልቃቂት ክር ይበቃታል፤ ያለቀውንም ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች።

ይህ ጥቅም በጥናትም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪታንያ የሙያ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የራይሊ፣ የኮርክሂልና የሞሪስ ጥናት ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ 3,545 ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ፣ ሹራብ በብዛት የመሥራት ልማድ ከመረጋጋትና ከደስታ ስሜት ጋር እንደሚያያዝ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ መሥራትም ከማኅበራዊ ግንኙነት መጠናከር ጋር እንደሚሄድ ዘግቧል፤ ምንም እንኳ ጥናቱ የሠሪዎቹን የራሳቸውን ምስክርነት የሰበሰበ እንጂ መንሥኤና ውጤትን ያረጋገጠ ባይሆንም። ስለ ሐዘን ራሱ ጠለቅ ያለውን ነገር ያቀረቡት ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት አሳብ መሠረት ጤናማ ሐዘንተኛ በሁለት አቅጣጫዎች መካከል ይመላለሳል፤ በአንድ ወገን ሟቹን ያስባል፣ ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ወደ ኑሮው፣ ወደ ሥራውና ወደ አዲስ ኀላፊነቱ ይመለሳል፤ ከሐዘኑ የሚያርፍበትም ጊዜ ያስፈልገዋል። የሚጎዳው በአንዱ ወገን ተቸንክሮ መቅረት ነው። ጆርጅ ቦናኖና ዳከር ኬልትነርም እ.ኤ.አ. በ1997 የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን ሰዎች አጥንተው፣ ስለ ሟቹ ሲናገሩ ከልባቸው የሳቁት ሐዘንተኞች በኋላ ጭንቀታቸው ቀለል ያለ ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። ግኝቱ ለወላጅ ሐዘን በቀጥታ ባይሠራም፣ በሐዘን ወራት የሚመጣ ሳቅ ለሟቹ ፍቅር ማጣት ምልክት እንዳልሆነ ያስረዳል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከሁሉ የቀረበው ትንሽ ደስታ ቡና ነው። ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ እስከ በረካ ድረስ መጠጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ብቻን አይጠጣም፤ ጎረቤት መጥራትን ያስገድዳል። ሺቫው አልቆ ወንበሩ ሲመለስ፣ ድንኳኑ ሲነቀልና ሰዉ ሲበታተን ቤቱ ጭር በሚልበት ጊዜ ሐዘንተኛዋን ከአልጋዋ የሚያስነሣት ብዙውን ጊዜ ይህ ግዴታ ነው። በገደራ በሻፒራ ሰፈር ደግሞ «ሐቬሪም ባቴቫ» የተሰኘው የኢትዮጵያውያን ወጣቶች ማኅበር የአካባቢውን አረጋውያን ወደ ማኅበረሰብ የአትክልት ቦታ በማምጣት፣ ገበሬ የነበሩ ሰዎች እንደገና አፈር የሚነኩበትን ዕድል ፈጥሯል። ጤና አዳም ቀንጥሶ ለቡና ማምጣት፣ ጎመን መኮትኮት፣ በቆሎ እሸት ጠብሶ መካፈል ከውጭ ሲታይ ተራ ነገር ነው፤ እርሻውን ጥሎ ወጥቶ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ላረጀ አባት ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን አባት ለቀበረ ልጅም አባቱ በምን እንደሚደሰት ያየበት ቦታ ሆኖ ይቀራል።

የወንዶች ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ሴቶቹ ሣሩን በክር ለውጠው ቀጠሉ፤ የሸማኔውና የአንጥረኛው ዕቃ ግን አፓርታማ ውስጥ የሚገባ አልነበረም፤ የልጆቻቸውም እጅ ከዚያ ሙያ ጋር ሳይተዋወቅ አደገ። ስለዚህ አባቱ የሞተበት ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ካዲሽ፣ ማለትም ወላጅ ለሞተበት ሰው ዐሥራ አንድ ወር በምኵራብ የሚባለው ጸሎት፣ ነው። ጸሎቱ ትልቅ ጽናት ይሰጣል፤ በአሥር ሰው ጉባኤ መካከል ብቻ የሚባል በመሆኑም ሐዘንተኛውን ከቤት ያወጣዋል። ሆኖም ጸሎቱ በሚያልቅበትና ምሽቱ በሚረዝምበት ሰዓት የወንድ እጅም ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሹራብ የሴት ነው በሚል ዕፍረት መከልከሉ፣ ጥንት በኢትዮጵያ ድርና ማጉን ይዞ የሚቀመጠው ወንድ እንደነበረ መርሳት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ወሰን አለው። በሰባቱ የሺቫ ቀናት ሥራ መሥራት ክልክል ነው፤ በሰንበትም ከተከለከሉት 39 የሥራ ዐይነቶች መካከል ከበግ ጠጕር ሸለታ ጀምሮ እስከ መፍተል፣ መሸመንና መስፋት ያሉት 13ቱ የልብስ ሥራዎች በመሆናቸው፣ ሐዘንተኛዋ በየሳምንቱ አንድ ቀን መርፌዋን አስቀምጣ ከሐዘኗ ጋር ባዶ እጇን ትቀመጣለች። ቤተ እስራኤላውያን ሰንበትን እጅግ አጥብቀው የሚጠብቁ በመሆናቸው ይህ ዕረፍት ቀላል ነገር አይደለም፤ የእጅ ሥራ ከሐዘን መሸሻ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከዚህም በላይ ክር ሊሸከመው የማይችል ሐዘን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ፣ ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት ከባህሉ ልማድ በላይ የዘለቀና የዕለት ኑሮን የሚያሰናክል ብርቱ ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ተብሎ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ማየት አለበት። በሱዳን መንገድ ላይ ወላጁን ቀብሮ ዐርባ ዓመት ያልተናገረ ሰው በሹራብ ብቻ ይፈወሳል ማለት መከራውን ማቃለል ይሆናል።

በደቡብ ቴል አቪቭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው «ኩቺናቴ» የተባለ የሴቶች ኅብረት በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ ጥገኝነት ጠያቂ ሴቶች በኪሮሽ ቅርጫት እየሠሩ ገቢ ያገኛሉ፤ ከሥራው ጎን ለጎንም የሥነ ልቡና ድጋፍ ይሰጣቸዋል። እዚያ ክሩና ምክሩ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። በቂርያት ማላኺ፣ በገደራና በያቭኔ የሚያስፈልገውም የዚህ ዐይነት ጉርብትና ነው፤ ነገር ግን እዚህ አንድ ተጨማሪ ሀብት አለ፤ እርሱም በሕይወት ያሉት እናቶች ናቸው። በየከተማው አረጋውያን በሚውሉበት «ሞዓዶን» ውስጥ ወስፌና ክር የያዙ እናቶች በአማርኛና በትግርኛ እያወጉ ይሠራሉ፤ ከመካከላቸውም የእንዝርቱን አሽከርክሪት፣ የአለላውን ቆጠራና የመሶቡን ክዳን አጨራረስ ጠንቅቀው የሚያውቁ አሉ። ሴት ልጅ ከእናቷ ጋር ስለ ሕይወት የምታወራበት ቃል ቢያጥራት፣ ስንት ጥምጥም ቀይ ስንት ጥምጥም ጥቁር እንደሚገባ ግን በጣት ማሳየትና ማየት ይችላሉ፤ እናቲቱ ካረፈች በኋላም ልጅቱ ያንን ቁጥር ይዛ ትቀመጣለች። ችግሩ ሞዓዶኖቹ በአብዛኛው ክፍት የሚሆኑት ጠዋት፣ ልጆቹ ሥራ በሚውሉበት ሰዓት መሆኑ ነው። ማዘጋጃ ቤቶቹ በሳምንት አንድ ምሽት እንኳ በሩን ከፍተው፣ መብራቱንና የክሩን ዋጋ ችለው፣ ወንዱንም ሴቱንም ልጅ ከእናቶቹ ጎን ቢያስቀምጡ ወጪው ትንሽ ነው፤ የብዙዎቹ እናቶች ዕድሜ ግን ከሰማንያ በላይ በመሆኑ ብዙ ክረምት መጠበቅ አይቻልም።